ብሎኗን ማን ይሥራት?



እንድናገር የተጠየቅሁት ባሕር ማዶ የሄዱ ፋብሪካዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስለሚገጥማቸው ነገር ነው። ጉዳዩ ሰፊ ነው። ስለ ቀረጡ፣ ስለ ደመወዙ፣ ስለ መንግሥታቱ ፉክክር ብዙ ይባልበታል። እኔ ግን በአንድ ኩባንያና በአንዲት ብሎን ልጀምር። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በታኅሣሥ 2012 የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ቀርበው አንድ ትልቅ ዜና አበሰሩ። ኩባንያቸው 100 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ከማክ ኮምፒውተሮቹ አንዱን አሜሪካ ውስጥ ሊሠራ ነው። ያን ጊዜ የአፕል ዕቃ ከሞላ ጎደል ቻይና ውስጥ ይገጣጠም ስለነበር ዜናው ብዙ ሰው አስደሰተ። የተመረጠው ማክ ፕሮ የሚባለው፣ የፊልምና የሙዚቃ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ውድ ኮምፒውተር ነበር። የተመረጠችው ከተማ ደግሞ በቴክሳስ ግዛት ያለችው ኦስቲን ናት። ኩክ በግንቦት 2013 ሴኔት ፊት ቀርበው ሲናገሩ ኮምፒውተሩ ቴክሳስ ውስጥ እንደሚገጣጠም፣ አንዳንድ ክፍሎቹ ከኢሊኖይና ከፍሎሪዳ እንደሚመጡ፣ ማምረቻ መሣሪያዎቹም በኬንታኪና በሚሺጋን እንደተሠሩ ዘረዘሩ። ገንዘቡም፣ ፍላጎቱም፣ ገበያውም ተሟልቶ ነበር። የጠፋችው ብሎኗ ነበረች።

ኒው ዮርክ ታይምስ በጥር 2019 እንደ ዘገበው፣ ኮምፒውተሩ ለእሱ ብቻ ተብላ የተነደፈች አንዲት ትንሽ ብሎን ያስፈልገው ነበር። ቻይና ውስጥ እንዲህ ያለችውን ብሎን በአጭር ጊዜ በገፍ የሚያወጣ ፋብሪካ አይታጣም። ቴክሳስ ውስጥ የተገኘው 20 ሠራተኞች ያሉት አንድ ሥራ ቤት ሲሆን፣ እሱም በቀን ከ1,000 በላይ ማውጣት አይችልም ነበር። ይህ ሥራ ቤት ቀደም ሲል ብሎን በብዛት የሚቀጠቅጡ ፕሬሶች ነበሩት። እንዲህ ያለው ትእዛዝ እየቀረ ሲሄድ ባለቤቱ ፕሬሶቹን አስወግዶ፣ ጥቂት ነገር በጥንቃቄ የሚሠሩ ዘመናዊ ማሽኖችን ተክሏል። አሁን 28,000 ብሎን ሲታዘዝ 22 ጊዜ እየተመላለሰ አስረከበ፤ ብዙውን ጊዜም የሚያደርሰው በገዛ የቤት መኪናው እየጫነ ነበር። የብሎኗ እጥረት ከሌሎች ችግሮች ጋር ተደርቦ የኮምፒውተሩን ሽያጭ በወራት አጓተተው። በብዛት ማምረት ሲጀመር አፕል ብሎኖቹን ከቻይና አዝዞ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው ጨረቃ ላይ የወጣች አገር ብሎን አቃታት ብሎ ይገረማል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት ምንም አላጠፋም። የሚያዝዘው ሲጠፋ ማሽኑን ቀየረ፤ ማንኛውም አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገውን አደረገ። ያገሩ ትልልቅ ኩባንያዎችም እያንዳንዳቸው በየበኩላቸው ትክክል ነበሩ፤ ርካሹን መርጠው ገዙ። ሁሉም ትክክል ሆኖ ሳለ አገሪቱ በብዙ ዓመታት ውስጥ አንድ ችሎታ ከእጇ ወጣ፤ መውጣቱንም ያወቀችው ፈልጋ ስታጣው ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ፋብሪካ ሲሄድ ሕንጻው ቆሞ ይቀራል፤ የሚሄደው በዙሪያው የነበረው ባለሙያ ሁሉ ነው። ሲመለስም ቶሎ የማይመለሰው እሱ ነው።

አፕል ራሱ በአገሩ ፋብሪካ ነበረው። በ1984 ማኪንቶሽ የተባለው ኮምፒውተር ሲወጣ የሚሠራው በካሊፎርኒያ ፍሪሞንት ከተማ ነበር። ስቲቭ ጆብስ የፋብሪካው ግድግዳ ነጭ እንዲቀባ አዘዘ። ማሽኖቹም በዘመኑ እጅግ የረቀቁ ከሚባሉት ነበሩ፤ በየ27 ሴኮንዱ አንድ ኮምፒውተር ሊያወጣ ይችላል ተብሎለታል። ነገር ግን የታሰበውን ያህል አልተሸጠም። ፋብሪካው በ1992 ተዘጋ። በሳክራሜንቶ አጠገብ ኤልክ ግሮቭ ላይ የነበረው የመገጣጠሚያ ሥራ ደግሞ እስከ 2004 ቆይቶ አበቃ። ቲም ኩክ አፕልን የተቀላቀሉት በ1998 ነው፤ ፋብሪካና መጋዘን መቀነስ፣ ሥራውን ለኮንትራት አምራቾች መስጠት በዋናነት የእሳቸው ሥራ ነበር። ፋብሪካ ወደ አገር የመመለሱን ዜና ያበሰሩት ሰው ፋብሪካ ወደ ውጭ በመላክ ስም ያተረፉት ሰው መሆናቸው አስተዋይነታቸውን ያሳያል እንጂ አያስነቅፋቸውም፤ ሥራውን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሥራውን የተቀበሉት እጆች እንዴት እንደተዘጋጁ ማየት ያስፈልጋል። ፎክስኮን የሚባለውን ኩባንያ ቴሪ ጎ የመሠረተው በ1974 ታይዋን ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ሥራው ለጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን የሚሆን፣ ጣቢያ የሚቀየርበት የፕላስቲክ መዘውር ነበር። መዘውር ለማውጣት ፕላስቲኩ የሚፈስበት የብረት ሞልድ ያስፈልጋል። ሞልድ በፀጉር ስንጣቂ ልክ የሚቀረጽ ነገር ነው፤ በሥራው ላይ ዓመታት የቆየ ሰው ካልሆነ አይደፍረውም። ፎክስኮን ያደገው ይህን ሙያ በእጁ ይዞ ነው። በ1988 ወደ ቻይናዋ ሸንዠን ገባ። ከዚያ በኋላ በሸንዠንና በአካባቢዋ የሞልድ ሠሪው፣ የገመድ ሠሪው፣ የባትሪ ሠሪው፣ የብሎን ሠሪው ሥራ ቤት አንዱ የሌላውን እግር ተከትሎ ተተከለ። ቲም ኩክ በ2017 ጓንግዡ ላይ ሲናገሩ፣ አሜሪካ ውስጥ የሞልድና የማምረቻ መሣሪያ መሐንዲሶችን ስብሰባ ብትጠራ አዳራሹ መሙላቱ እንደሚያጠራጥራቸው፣ ቻይና ውስጥ ግን ብዙ የእግር ኳስ ሜዳ እንደሚሞሉ ገልጸዋል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። አንዱ በርሜል ይሰነጥቃል፣ ቀጥሎ ያለው ላሜራውን በመዶሻ እየደበደበ ያቃናል፣ ማዶ ያለው ይበይዳል፣ ከጀርባው ያለው ማጠፊያና እጀታ ይሸጣል። ምድጃ የሚሠራው ሰው ሪቬት ቢያልቅበት ሥራውን አያቆምም፤ ልጁን ሁለት በር አልፎ ይልከዋል። ዋጋው ርካሽ የሆነው ሰዉ ትንሽ ስለሚበላ ብቻ አይደለም፤ የጎደለው ነገር ሁሉ በጥሪ ርቀት ስላለ ነው። ከእነዚያ ሰዎች አንዱን አንሥታችሁ፣ የተሻለ መዶሻና ሰፊ ሼድ ሰጥታችሁ፣ ከከተማ ርቆ ብቻውን ብታስቀምጡት ያው ምድጃ ዋጋው ይጨምራል፤ ጊዜውም ይረዝማል። ኦስቲን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ሸንዠን የምናለሽ ተራ ወንድም ነው፤ ስፋቱና ማሽኑ ግን የትየለሌ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ የደመወዝ ብቻ ነው የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። በ2012 ኒው ዮርክ ታይምስ ያነጋገራቸው ተመራማሪዎች እንደ ገመቱት፣ አይፎን አሜሪካ ውስጥ በአሜሪካ ደመወዝ ቢሠራ በአንዱ ስልክ ላይ የሚጨመረው ወጪ ቢበዛ 65 ዶላር ነው። በብዙ መቶ ዶላር የሚሸጥ ዕቃ ይህን መሸከም ያቅተዋል ማለት ይከብዳል። ከዚያው ዘገባ ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሌላ ቁጥር ነው። ስልኩን የሚሠሩትን 200,000 ሠራተኞች በበላይነት የሚመሩ 8,700 ያህል የኢንዱስትሪ መሐንዲሶች ያስፈልጋሉ ተብሎ ታስቦ፣ አሜሪካ ውስጥ እነሱን ለማግኘት እስከ 9 ወር ይፈጃል ተባለ። ቻይና ውስጥ በ15 ቀን ተገኙ። እነዚህ የግድ የላቀ ዲግሪ ያላቸው ሰዎች አይደሉም፤ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ፣ ከባችለር ዲግሪ በታች የሠለጠኑ ናቸው። እኛ አገር ቴክኒክና ሙያ የምንለው፣ ቤተሰብም ልጁ ሲመደብበት ቅር የሚለው ትምህርት ማለት ነው።

ቴክሳስ ሌላም ሙከራ አይታለች። በጎግል እጅ የነበረው ሞቶሮላ በ2013 ፎርት ወርዝ ከተማ ላይ ቀድሞ ኖኪያ ይጠቀምበት በነበረ ቦታ ሞቶ ኤክስ የተባለውን ስልክ መገጣጠም ጀመረ። ደንበኛው የስልኩን ቀለም በራሱ መርጦ በጥቂት ቀን ይደርሰው ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሠራተኛውም 3,800 ያህል ደርሶ ነበር። ስልኩ ግን በበቂ አልተሸጠም፤ ዓመቱ ሳይዞር መዘጋቱ ተነገረ።

እንግዲህ ይህን ብቻ ብናገር ተስፋ አስቆራጭ እሆናለሁ። የተሳካላቸው አሉና፣ ወደ ሉዊቪል እንሂድ። ጀነራል ኤሌክትሪክ በኬንታኪ ግዛት ሉዊቪል ከተማ አፕላያንስ ፓርክ የሚባል ትልቅ የቤት ዕቃ ማምረቻ ሠፈር ነበረው፤ ሠፈሩ በ1970ዎቹ መጀመሪያ 23,000 ያህል ሠራተኛ ነበረው። በ2011 ከ2,000 በታች ወረደ። በ2012 ኩባንያው ጂኦስፕሪንግ የተባለውን፣ እኛ ቦይለር የምንለውን የውሃ ማሞቂያ ሥራ ከቻይና አምጥቶ እዚያ ጀመረ። ማሞቂያው ቻይና ተሠርቶ በ1,599 ዶላር ይሸጥ ነበር።

ዕቃው ገና ሊሠራ ሲል አንድ ነገር ታየ። የአሜሪካ መሐንዲሶች በወረቀት ነድፈው ወደ ቻይና የላኩት ማሞቂያ ውስጡ የመዳብ ቱቦ እንደ ተተበተበ ክር የተጠላለፈ ነበር። በያጁ እጁን የሚያስገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ቻይና ሲሠራ ሳለ ይህን የሚነግራቸው ሰው አልነበረም፤ በያጁ በውቅያኖስ ማዶ ነው፣ ንድፍ አውጪው በዚህ ማዶ ነው፤ ይህ ያስቸግራል የሚል ቃል በመካከላቸው አያልፍም። ሉዊቪል ላይ ንድፍ አውጪውን፣ የማምረቻ መሐንዲሱን፣ ገጣጣሚ ሠራተኛውን፣ ሻጩን ጭምር አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ። ከአምስት ክፍሎች አንዱን አስወገዱ፤ የግብዓቱ ወጪ በሩብ ቀነሰ። ለመገጣጠም 10 ሰዓት ይፈጅ የነበረው በ2 ሰዓት አለቀ። ሉዊቪል የተሠራው ማሞቂያ በ1,299 ዶላር ለገበያ ወጣ፤ ከቻይናው 300 ዶላር የረከሰ ማለት ነው። በመርከብ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ጉዞም በግማሽ ሰዓት ወደ መጋዘን ማድረስ ሆነ።

ይህን ምሳሌ ስናገር ልቤ ይሞቃል፤ ምክንያቱም በያጁ አፍ ተሰጥቶታል። ለዘመናት ሠሪ ዝም ብሎ የታዘዘውን የሚያደርግ፣ አዋቂ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚቀር ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ሉዊቪል ላይ የተገኘው ትርፍ የመጣው ከአዲስ ማሽን አይደለም፤ የሚያስበውና የሚሠራው ፊት ለፊት ከመቀመጣቸው ነው።

ሌላውን ገጽታ ግን መደበቅ አይገባም። ሥራው ሲመለስ አዲስ የሚቀጠረው ሠራተኛ በሰዓት 13.50 ዶላር እንዲከፈለው ማኅበሩ ተስማምቶ ነበር፤ ከቀድሞው መነሻ 8 ዶላር ገደማ ያነሰ ነው። በ2016 ጀነራል ኤሌክትሪክ የቤት ዕቃ ዘርፉን በሙሉ ለቻይናው ኩባንያ ለሃየር ሸጠ፤ የጂኦስፕሪንግ ምርትም ቆመ። አፕላያንስ ፓርክ ግን በሃየር ባለቤትነት ሥር ሆኖ እስከ ዛሬ ያመርታል። ባለቤቱ ቻይናዊ ሆነ፤ ሙያው ኬንታኪ ቀረ። እኔ ብመርጥ ሙያው የቀረበትን እመርጣለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ትንሽ ዕቃ ናት። ራስበሪ ፓይ የምትባለውን፣ የመታወቂያ ካርድ የምታህል ኮምፒውተር ብዙዎቻችሁ በላብራቶሪ ታውቋታላችሁ። ኢበን አፕተንና ባልደረቦቹ ካምብሪጅ ላይ ያሰቧት ልጆች ፕሮግራም እንዲማሩባት ነው፤ በየካቲት 29፣ 2012 ስትወጣ ዋጋዋ 35 ዶላር ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ሊሠሯት ፈልገው ነበር። ነገር ግን ዝርዝር ክፍሎችን ወደ አገር የሚያስገባ ሰው ቀረጥ ሲከፍል፣ ተገጣጥሞ ያለቀውን ዕቃ የሚያስገባው አይከፍልም ነበር። ሕጉ ራሱ ውጭ አገር አሠሩ ይል ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርት ቻይና ተሠራ። እዚያም በኔትወርክ ገመድ መሰኪያው ላይ ትክክለኛ ያልሆነ ዓይነት ተገጥሞ ተገኘ፤ ሁሉንም እየነቀሉ መተካት ግድ ሆነ።

በዚያው ዓመት በደቡብ ዌልስ ፔንኮይድ በምትባል ቦታ ያለው የሶኒ ፋብሪካ ሥራውን ያዘ። ፔንኮይድ ዱሮ ባለ ትልቅ ሆድ ቴሌቪዥን የሚሠራበት ቦታ ነበር። የቴሌቪዥኑ ገበያ ሲሞት ፋብሪካው ሠራተኛውን ሙሉ በሙሉ አልበተነም፤ መሐንዲሶቹ ለሌሎች በኮንትራት መሥራት ጀምረው ነበር። ራስበሪ ፓይ የመጣችው ዝግጁ እጅ ስለጠበቃት ነው። አብዛኛውን ሥራ ማሽን ይሠራዋል፤ ካምብሪጅ ያለው ንድፍ አውጪ ችግር ሲያይ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ተጉዞ መስመሩ ላይ ይቆማል። ዛሬ ከ60 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል። ከምነግራችሁ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ይህ ይመስለኛል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ባለሙያውን ያልበተነ ፋብሪካ ደግ ቀን ሲመጣ ተገኘ።

ስለ ቀረጥ አንድ ነገር ልበል። በ2019 አፕል የአዲሱን ማክ ፕሮ ሥራ ከኦስቲን ሊያዛውር አስቦ ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥት ከቻይና የሚገቡ አንዳንድ ክፍሎችን ከቀረጥ ነፃ ካደረገለት በኋላ እዚያው እንደሚቀጥል አስታወቀ፤ በኅዳርም ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፋብሪካውን ጎበኙ። በ2025 ደግሞ የቀረጡ ግፊት በበረታበት ወቅት አፕል በአራት ዓመት ውስጥ አሜሪካ ላይ የሚያፈሰውን ገንዘብ መጀመሪያ 500 ቢሊዮን፣ ኋላም 600 ቢሊዮን ዶላር አደረሰው፤ ሂውስተን ላይ ሰርቨር እንዲሠራ፣ የአይፎንና የእጅ ሰዓቱ መስታወት በሙሉ በኬንታኪ ሃሮድስበርግ በኮርኒንግ ፋብሪካ እንዲወጣ ተስማማ። ቀረጥ ኩባንያን ከወንበሩ ያስነሣል፤ ይህን አልክድም። ባለሙያ ግን በአዋጅ አይወለድም። በአሪዞና ፊኒክስ ይገነባ የነበረው የታይዋኑ ቲ.ኤስ.ኤም.ሲ. የቺፕ ፋብሪካ በ2024 ሊጀምር ታቅዶ ሳለ፣ የኩባንያው ሊቀመንበር በሐምሌ 2023 ማሽኖቹን የሚተክል በቂ ልምድ ያለው ባለሙያ አልተገኘም ብለው ጊዜውን ወደ 2025 ገፉት፤ ከታይዋንም ባለሙያ አመጡ። ከአሜሪካ ብዙ ቢሊዮን ዶላር ድጎማ የተመደበለት ፋብሪካ ነው።

ከአፕል ዕቅድ እኔን ደስ ያሰኘኝ ብዙ ያልተወራለት ነው፤ ዲትሮይት ላይ ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የከፈተው የአምራቾች ማሠልጠኛ። የአፕል መሐንዲሶች ለትንንሽና ለመካከለኛ ፋብሪካዎች ሰዎች ያስተምሩበታል። ያ ብሎን ሠሪ ያስፈልገው የነበረው እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ አሥር ዓመት ዘግይቷል፤ ይሁን እንጂ ትክክለኛው በር ተንኳኳ።

ሥራው ሲመለስ ከመሄዱ በፊት ይቀጥር የነበረውን ያህል ሰው አይቀጥርም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ያስወቅሰኛል። የሚመለሰው ፋብሪካ ሮቦት የበዛበት ነው። ፖለቲከኞች ለድሮ ሠራተኞች ልጆች የድሮውን ሥራ ተስፋ ሲሰጡ ስሰማ አዝናለሁ፤ ያ ተስፋ አይፈጸምም። የሚመለሰው ጥቂት፣ ብዙ የሚያውቅ፣ ማሽኑ ሲቆም ማስነሣት የሚችል ሰው የሚፈልግ ሥራ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ካለ፣ እኛ በዚህ ታሪክ ውስጥ በሌላው ጫፍ ያለን ነን። ፋብሪካ የሚመጣልን፣ የሚሄድብንም ነን። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ከመጡት ትልልቆች አንዱ የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጃገረዶች ከገጠር መጥተው ስፌት ተማሩ። ጨርቁ፣ ዚፑ፣ ቁልፉ ግን በአብዛኛው ከውጭ ተጭኖ ይመጣ ነበር። በኅዳር 2021 የሰሜኑ ጦርነት በበረታበትና ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ከምንልክበት ከአጎዋ ዕድል የመውጣታችን ውሳኔ በተሰማበት ጊዜ ኩባንያው ፋብሪካውን ዘግቶ ሄደ፤ በጥር 2022 አጎዋ ተቋረጠ። ጦርነቱን እዚህ አልተነትንም። የምለው፣ ሲሄድ ቀላል ሆኖለታል ነው። በዙሪያው ዚፕ ሠሪ፣ ክር ፈታይ፣ የስፌት መኪና መለዋወጫ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት በብዛት አብሮ አልበቀለምና የሚያስይዘው ነገር አልነበረም። ከሸንዠን መውጣት አፕልን የሚያስቸግረው ጎረቤቶቹን ይዞ መውጣት ስለማይችል ነው። ከእኛ መውጣት የወራት ጉዳይ ነው።

ሰው ርካሽ ጉልበት አለን ሲል እሰማለሁ። ጉልበቱ ርካሽ ሆኖ እንዲቀር የምንመኝበት ምክንያት የለም፤ የዚያች ሰፊ ልጅ ደመወዝ እንዲያድግ ነው የምንመኘው። ሮቦቱ በመጣ ቁጥር ደግሞ ርካሽነታችን ዋጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የሚያዋጣን በሩ ላይ ያለው ጎረቤት ነው።

ስለዚህ ሦስት ወገኖችን ልለምን። የኢንዱስትሪ ፓርክ የምታስተዳድሩ ሆይ፤ አንድ የውጭ ኩባንያ ሲመጣ ስንት ሰው ትቀጥራለህ ብላችሁ ከጠየቃችሁት በኋላ፣ ካርቶኑን፣ መለያ ወረቀቱን፣ ቁልፉን፣ የማሽንህን መለዋወጫ ከዚህ አገር ከማን ትገዛለህ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ትገዛለህ ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ውሉ ላይ አስፍሩት። የግብር ሕግ የምታረቁ ሆይ፤ የተገጣጠመ ዕቃ ከሚያስገባው ይልቅ ጥሬ ዕቃና ዝርዝር ክፍል አስገብቶ እዚሁ የሚሠራው ሰው የሚጎዳበት አንቀጽ ካለ ፈልጋችሁ አውጡት፤ ብሪታንያን የሚያህል አገርም ተሳስቶበታል። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ሆይ፤ ቶርኖ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራውን ሰው ዲግሪ የለውም ብላችሁ ከበር አትመልሱት፤ በሳምንት አንድ ቀን ክፍል ግባና አስተምር በሉት፤ ክፈሉትም።

ለተማሪዎች ያለኝ ቃል አጭር ነው። ኢንተርንሺፕ ሲደርስ ቢሮ ያለበትን ትልቅ ድርጅት ብቻ አትፈልጉ። የመኪና መለዋወጫ የሚያወጣ ቶርኖ ቤት፣ ሞልድ የሚቀርጽ ሥራ ቤት፣ ላሜራ የሚያጥፍ ጋራዥ ፈልጉና ግቡ። ቱታ ልበሱ፤ ጋሼ ይህን እንዴት ነው የሚያደርጉት ብላችሁ ጠይቁ፤ ያያችሁትን ሳትንቁ በደብተራችሁ ላይ ንድፍ አውጡ። ከእነዚያ ባለሙያዎች ብዙዎቹ አርጅተዋል፤ ልጆቻቸውም ሙያውን አልያዙትም። የሚያውቁትን ከእነሱ የምትቀበሉበት ጊዜ አሁን ነው።